ስለ ቤት ቁጥርና ስለ ጭንቅ ጊዜ ጥሪ

ጭንቅ የያዘው ሰው የመጀመሪያው መሣሪያው ጩኸት ነው። ቤቱ በእሳት የተያያዘበት ወይም ወንበዴ የገባበት ባላገር ወደ ደጅ ወጥቶ «ኡኡ!» ባለ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ድምፁ ይሮጣል። የሚሮጠውም ሰው «ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ድምፁ ራሱ መንገዱን ይመራዋልና። የሚጮኸው ማን እንደ ሆነ ከድምፁ ያውቃል፤ ቤቱንም በጨለማ ቢሆን አይስተውም። እንግዲህ በኡኡታ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሳይለያዩ አብረው ይሄዳሉ፤ አንደኛው ጥሪው ነው፣ ሁለተኛውም ስፍራው ነው። የኡኡታ ጉድለቱ ሩቅ አለመድረሱ ነው። ከአንድ ኮረብታ አልፎ አይሰማም፤ ከሚሰሙትም መካከል የሐኪም ዕውቀት ወይም የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ ያለው ላይገኝ ይችላል።

ሰው ድምፁን ወደ ሩቅ የሚሰድበት ብልሃት ባገኘ ጊዜ ግን ጥሪውና ስፍራው ተለያዩ። ሁለቱን መልሶ ለማገናኘት የተደረገው ድካም ረጅም ነው፤ ታሪኩም ብዙ ሰው እንደ ተራ ነገር በሚያየው፣ በደጃፍ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በጥንት ዘመን ቤት የሚታወቀው በባለቤቱ ስምና በአጠገቡ ባለው ነገር ነበር። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው፣ ሐናንያ በደማስቆ ሳውልን እንዲፈልግ በታዘዘ ጊዜ የተነገረው የጎዳናው ስምና የባለቤቱ የይሁዳ ስም ነው። ቆርኔሌዎስም ወደ ኢዮጴ ሰዎችን በላከ ጊዜ የተሰጠው ምልክት ቤቱ የቁርበት ፋቂው የስምዖን መሆኑና በባሕር አጠገብ መገኘቱ ነው። ሁለቱም መልእክቶች ደረሱ፤ ነገር ግን የቆርኔሌዎስ ሰዎች በስምዖን ደጅ የቆሙት ቤቱን እየጠየቁ ነው። እየጠየቁ ለመሄድ ጊዜ ላለው መልእክተኛ የባለቤቱ ስም ይበቃል። ጊዜ ለሌለው ግን አይበቃም።

የአውሮፓ ከተሞችም ብዙ ዘመን የኖሩት በዚሁ ዓይነት ነው። በለንደን ነጋዴው ሁሉ በቤቱ ላይ የአንበሳ ወይም የዘውድ ሥዕል ያለበትን ሠሌዳ በብረት አንጠልጥሎ፣ ማንበብ የማይችለው ሰው በሥዕሉ እንዲያገኘው ያደርግ ነበር። እያንዳንዱም ከጎረቤቱ ለመብለጥ ሲል ሠሌዳውን ስላገዘፈው፣ መንገዱ ጨለመ፤ ብረቱም በነፋስ ሲወዛወዝ ግድግዳውን ይነቀንቅ ጀመር። በ1718 በፍሊት ጎዳና አጠገብ አንድ ሠሌዳ የቤቱን ፊት ይዞ ስለ ወደቀ አራት ሰዎች ሞቱ። በ1762 የዌስትሚንስተር ሹማምንት የተንጠለጠሉት ሠሌዳዎች እንዲነሡ አዘዙ፤ በስፍራቸውም ቁጥር እየበዛ ሄደ። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከዚያ በፊትም ያልታወቀ አልነበረም። በ1708 የታተመ የለንደን መጽሐፍ፣ ፕሬስኮት በሚባለው ጎዳና ቤቶቹ በሥዕል ፈንታ በቁጥር እንደሚለዩ እንደ አዲስ ነገር አድርጎ ይናገራል።

በለንደን ቁጥሩ የመጣው ለመንገደኛና ለነጋዴ ምቾት ነው። በሌላው የአውሮፓ ክፍል ግን ቁጥሩ ከቤተ መንግሥት ነው የወጣው። በ1770 የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛና ልጃቸው ዳግማዊ ዮሴፍ በግዛታቸው ያለው ነፍስ ሁሉ እንዲቈጠር አዘዙ። የቈጠራው ምክንያት ለጦር ሠራዊት የሚሆነው ወንድ ስንት እንደ ሆነና ከየትኛው ቤት እንደሚገኝ ለማወቅ ነው። ስለዚህ መኰንኖችና ጸሓፊዎች ከመንደር ወደ መንደር፣ ከደጅ ወደ ደጅ እየሄዱ በየግድግዳው ላይ ቁጥር ጻፉ። ሕዝቡ ነገሩ ገባው። ቁጥር ያለበት ቤት ልጁን ሊሸሽግ አይችልም። በአንዳንድ ስፍራም የተጻፈውን ይፍቁት ወይም በጭቃ ይለድፉት ነበር።

የዚህ ቁጥር ጠባይ ደግሞ ሊታሰብ የሚገባው ነው። የተሰጠው በጎዳና ተራ ሳይሆን በመንደሩ ወይም በከተማው ጠቅላላ ቈጠራ ስለ ነበረ፣ በኋላ የሚሠራው ቤት የት ቢሠራም ቀጣዩን ቁጥር ይወስድ ነበር። ከዚህም የተነሣ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ትልቁ ቁጥር ከትንሹ አጠገብ ተቀመጠ፤ ቁጥሩን በእጁ የያዘ እንግዳም ቤቱን ሲፈልግ ይውል ጀመር። ቁጥሩ ቤቱን ለመቍጠር እንጂ ቤቱን ለማግኘት አልተሠራም ነበርና። ቪየና በየጎዳናው ተራ የሚሄድ አዲስ ቁጥር ያገኘችው በ1862 ነው፤ ከፊተኛው ቈጠራ እስከዚያ ድረስ 92 ዓመት አልፏል።

ቁጥርን ከመቍጠሪያነት ወደ መሪነት የለወጠው ጥበብ ቀላል ነው። በፓሪስ በፌብሩዋሪ 1805 የወጣው ዐዋጅ በጎዳናው አንድ ወገን ጐደሎ ቁጥር፣ ይኸውም 1፣ 3፣ 5፣ በሌላው ወገን ሙሉ ቁጥር፣ ይኸውም 2፣ 4፣ 6 እንዲሆን አደረገ። የቁጥሩም መነሻ የሴን ወንዝ ሆነ። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው ጎዳና ቁጥሩ ከወንዙ ፍሰት ጋር ይጨምራል፤ ወንዙን ትቶ የሚሄደውም ከወንዙ በራቀ መጠን ይጨምራል። እንደዚህ በሆነ ጊዜ ቁጥሩን የሰማ ሰው ቤቱን ሳያየው በየትኛው ወገን እንዳለና ወደ የት መሄድ እንደሚገባው ዐወቀ። በአሜሪካ የፊላደልፊያ ከተማ በ1856 ደግሞ ከአንዱ መስቀለኛ መንገድ እስከ ሌላው ላለው ቦታ 100 ቁጥር መደበች። በዚያች ከተማ በገበያ ጎዳና 1234 ቁጥር የሚባለው ቤት በ12ኛውና በ13ኛው ጎዳና መካከል እንደሚገኝ በከተማዋ ያልተወለደ ሰው እንኳ ይረዳዋል።

የቁጥሩ ትልቅ ምሥጢርም ይህ ነው። ስም የሚያገለግለው የሚያውቅህን ሰው ነው፤ ቁጥር የሚያገለግለው የማያውቅህን ነው። በሰላም ጊዜ ወደ ቤት የሚመጣው አብዛኛው ሰው ዘመድና ወዳጅ ስለ ሆነ ቁጥሩ ብዙ አይፈለግም። በጭንቅ ጊዜ ግን ነፍስን ሊያድን የሚመጣው፣ ቤቱን አይቶት የማያውቅ፣ በሌሊት በማያውቀው ሰፈር የሚነዳ፣ የሰው ስም ቢነገረው ምንም የማይረባው እንግዳ ነው።

ጥሪውን ከስፍራው ጋር ወደ ሩቅ ለመላክ የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ከስልክ በፊት ነው። በ1852 በቦስተን ከተማ ሐኪሙ ዊልያም ቻኒንግና መሐንዲሱ ሞዝስ ፋርመር ለእሳት አደጋ የሚሆን ቴሌግራፍ አቆሙ። በየመንገዱ ማዕዘን ሣጥን ተተከለ፤ ለእያንዳንዱም ሣጥን የራሱ ቁጥር ተሰጠው። እሳት ያየ ሰው እጄታውን ሲያዞር ሣጥኑ የራሱን ቁጥር በሽቦው ወደ ማዕከሉ ይደውል ነበር። ያ መሣሪያ ቃል አልነበረውም። የተቃጠለው ምን እንደ ሆነ፣ በውስጡ ሰው ይኑር አይኑር አይናገርም። ስፍራውን ግን አይስትም፤ የእሳት አጥፊዎቹም ቁጥሩን ሰምተው ወደ ማዕዘኑ ይገሠግሡ ነበር።

ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ ግርሃም ቤል ስልክን ባስመዘገበ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ቃሉ ይሄዳል፤ ስፍራው ግን ይቀራል። በሽቦው የሚመጣው ድምፅ ከምሥራቅ ይሁን ከምዕራብ አይታወቅም። በመጀመሪያ ይህ ጉድለት አልተሰማም፤ በ1878 በኒው ሄቨን የተከፈተው ማዕከልና ተከትለውት የተከፈቱት ደንበኞቻቸው ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ስልከኛው ሁሉንም በስማቸው ያውቃቸው ነበርና። በ1879 ግን በማሳቹሴትስ በምትገኘው በሎዌል ከተማ ኩፍኝ በገባ ጊዜ፣ ሞዝስ ግሪሊ ፓርከር የሚባል ሐኪም «ስልከኞቹ ሁሉ ቢታመሙ የሚተካቸው ሰው ማን የት እንዳለ በምን ያውቃል?» ብሎ ሠጋ። ስለዚህ ደንበኛው ሁሉ በስሙ ፈንታ በቁጥር እንዲጠራ መከረ። የስልክ ቁጥርም እንደ ቤት ቁጥር ከአንድ ምክንያት ተወለደ፤ ይኸውም የማያውቅህ ሰው የሚያገለግልህ ጊዜ እንደሚመጣ ከማሰብ ነው።

ቁጥሩ በቤቱ ላይ ተጽፎ፣ ስልኩም በቤቱ ውስጥ ቆሞ ሳለ ጥሪው እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል የታየው በለንደን ነው። በኖቬምበር 10 ቀን 1935 ሌሊት በዊምፖል ጎዳና በአንድ ሐኪም ቤት እሳት ተነሣና አምስት ሴቶች ሞቱ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖር ጎረቤት እሳቱን አይቶ ወደ ስልከኛው ደወለ፤ ደወሉ ግን ሳይነሣ ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ለእሳት የሚደውልና ለተራ ጉዳይ የሚደውል ሰው አንዱን ቁጥር፣ ዜሮን፣ ነበረ የሚደውሉት። ስልከኛይቱም የትኛው ደወል የጭንቅ፣ የትኛው የጨዋታ እንደ ሆነ የምታውቅበት ምልክት አልነበራትም። ጎረቤቱ መልስ ሳያገኝ የእሳት አጥፊዎቹ በሌላ ጥሪ ደረሱ። እርሱም ይህንን ለታይምስ ጋዜጣ ጻፈ፤ ከዚህም የተነሣ ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ ተቋቋመ።

ጉባኤው ያመጣው መፍትሔ በጁን 30 ቀን 1937 ሥራ ጀመረ። ከኦክስፎርድ ሰርከስ በ12 ማይል ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ 999 ሲደውል በማዕከሉ ቀይ መብራት ይበራል፣ ደወልም ይጮኻል፤ ስልከኞቹም ሌላውን ሁሉ ትተው ያንን ያነሣሉ። ቁጥሩ የተመረጠው በማሰብ ነው። 111 ቢሆን በነፋስ የሚነካኩ ሽቦዎች ራሳቸው ሊደውሉት ይችሉ ነበር። 9 ግን በክብ መደወያው ላይ ከመጨረሻው ቀዳዳ አጠገብ ስለ ሆነ፣ በጨለማና በጢስ ውስጥ ያለ ሰው በጣቱ ዳስሶ ያገኘዋል። በመጀመሪያው ሳምንት 1,336 ጥሪ መጣ። ይህ ሥርዓት ብሪታንያን ሁሉ ያዳረሰው ግን በ1976 ነው።

ለንደን ጥሪውን በማስቀደሟ የተጠቀመችው፣ ስፍራው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለ ጠበቃት ነው። ጎዳናው ሁሉ ስም፣ ቤቱም ሁሉ ቁጥር ነበረው። በአሜሪካ ገጠር የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1968 በአላባማ ግዛት በሄሊቪል ከተማ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ ተደወለ፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ አገሩን አዳረሰ። በኋላም የሚደውለው ስልክ ቁጥር ከመዝገብ ጋር ተያይዞ፣ ተናጋሪው አፉን ሳይከፍት አድራሻው በተቀባዩ ፊት በመስተዋት ላይ የሚጻፍበት ብልሃት ተገኘ። ነገር ግን መዝገቡ የሚመልሰው የተጻፈበትን ብቻ ነው። በገጠር ያለው ሰው አድራሻ «መሥመር 2፣ ሣጥን 47» የሚል ሆነ ተገኘ። ይህ ከ1896 ጀምሮ የገጠር ፖስታ ያወጣው ቁጥር ነው። በየቀኑ በዚያ መንገድ የሚሄደው ፖስተኛ ያውቀዋል፤ የአምቡላንስ ነጂ ግን አያውቀውም። ሣጥኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመንገድ መገንጠያ ከሌሎች ሣጥኖች ጋር ተደርድሮ ስለሚቆም፣ ቤቱ ከዚያ ርቆ በጫካ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አውራጃዎቹ የመንገዱን ሁሉ ስም አወጡ፤ ቤቱንም ሁሉ እንደ ገና ቈጠሩት። በብዙ ስፍራ የተያዘው ስሌት ለአንድ ማይል 1,000 ቁጥር መስጠት ነው። አንድ ማይል 5,280 ጫማ ስለ ሆነ በየ5.28 ጫማው አንድ ቁጥር ይወድቃል ማለት ነው፤ ጐደሎው በአንድ ወገን፣ ሙሉው በሌላው ወገን ይሆናል። እንግዲህ ቁጥሩ 2350 የሆነ ቤት ከመንገዱ መነሻ 2.35 ማይል ርቆ ይገኛል። ነጂው የመኪናውን የርቀት መቍጠሪያ እያየ በጨለማ ሊደርስበት ይችላል። በመካከል አዲስ ቤት ቢሠራ እንኳ ቁጥሩ አስቀድሞ ተቀምጦለታል። የቪየና ጉድለት በዚህ ተሞላ።

ይህም ሥራ ያለ ክርክር አልተፈጸመም። የገጠር ፖስታ መጀመሪያ በተሞከረባት በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ሳይቀር፣ ብዙ ሰው ለመንገዱ ስም መውጣቱን ተቃወመ። «ግብር ሰብሳቢው እንዲያገኘን ነው» ያለ ነበር፤ «አባቶቻችን ያለ ቁጥር ኖረዋል» ያለም ነበር። ይህ ፍርሀት በ1770 ቁጥሩን ከግድግዳው የፋቀው ሰው ፍርሀት ነው፤ ፈጽሞ ከንቱም ነው አይባልም። ግብር ሰብሳቢውንና ወታደሩን ወደ ደጅ የሚያመጣው ቁጥር፣ ሐኪሙንና እሳት አጥፊውን የሚያመጣው ያው ቁጥር ነው። አንዱን ዘግቶ ሌላውን ብቻ የሚከፍት በር እስከ ዛሬ አልተሠራም።

የእጅ ስልክ በመጣ ጊዜ ደግሞ የቀደመው ችግር ተመልሶ መጣ። በቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስልክ ከቤቱ አይንቀሳቀስም ነበር፤ የእጅ ስልክ ግን ከሰው ጋር ይዞራል። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት በ1996 የስልክ ኩባንያዎች የደዋዩን ስፍራ እንዲያሳውቁ ደነገገ። በብሪታንያም ከ2014 ጀምሮ የእጅ ስልኩ ራሱ ከሳተላይት ያገኘውን ስፍራ በአጭር መልእክት ወደ ጥሪ ተቀባዩ የሚልክበት ሥርዓት ተጀመረ። ይህ ከተራራ የወደቀውንና በማያውቀው መንገድ ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው ብዙ ረድቷል። ሆኖም ከሳተላይት የሚመጣው ስፍራ ሕንፃውን ቢያሳይ ፎቁን አያሳይም፤ ግቢውን ቢያሳይ የትኛው በር እንደ ሆነ አይናገርም። የመጨረሻዋን ሃያ እርምጃ እስከ ዛሬ የሚመራው በበሩ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

አዲስ አበባ ይህንን ታሪክ በራሷ መንገድ አልፋበታለች። ከተማዋ በ1886፣ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1879፣ በተቈረቈረች ጊዜ የተሠራችው በጎዳና ሳይሆን በሰፈር ነው። መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ቦታውም በስማቸው ተጠራ። ደጃች ውቤ ሰፈር የሰውን ስም ይዞ ቀረ፤ ሠራተኛ ሰፈር የነዋሪዎቹን ሥራ ይዞ ቀረ። ከነዚህ ስሞች መካከል ለዚህ ነገር የተለየ ምስክር የሚሆን አንድ አለ፤ እሪ በከንቱ የሚባለው ነው። ስሙ የወጣለት በዚያ ቀማኛ የያዘው ሰው ቢጮኽ የሚደርስለት ስለማይገኝ ነው ይላሉ። ከተማው ኡኡታ የማይበቃበት መሆኑን ሕዝቡ ስም አውጥቶ መዘገበው።

የቤት ቁጥር በከተማዋ በሰፊው የተዳረሰው በ1975፣ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት መሆኑ ከታወጀና ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ ነው። ቁጥሩ የተሰጠው በጎዳና ሳይሆን በቀበሌ ነው፤ ያገለገለውም ለኪራይ፣ ለመታወቂያና ለቈጠራ ነው። ይህ የማሪያ ቴሬዛን ቁጥር ይመስላል። የቀበሌው ጸሓፊ ቤቱን ከመዝገቡ ያገኘዋል፤ በመንገድ ላይ የቆመው ነጂ ግን ከቁጥሩ አቅጣጫውን ሊያነብ አይችልም። በኋላ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብሎክና በቤት ቁጥር ስለሚታወቁ በዚህ ረገድ ይሻላሉ። በከተማዋ ለእሳት 939፣ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ጥሪው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ግን «ከወፍጮ ቤቱ ወደ ታች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው» የሚል ረጅም ንግግር ይጀመራል፤ አንድ ልጅም መኪናውን እንዲቀበል ወደ አስፋልቱ ይላካል። ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ ስሙ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ እንግዳው ነጂ ይስታል።

ስለዚህ ጥሪ ተቀባዮች በብዙ አገር አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን ሆነ?» ብለው ሳይሆን «የት ነው?» ብለው ነው። መሥመሩ በድንገት ቢቋረጥ፣ ምን እንደ ሆነ ባይታወቅም ስፍራው የታወቀ እንደ ሆነ ሰው ሊላክ ይችላል፤ ምን እንደ ሆነ ታውቆ ስፍራው ካልታወቀ ግን የሚላክበት የለም። ይህም የቤት ባለቤት ሁሉ ከመንግሥት ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችለውን ሥራ ያመለክታል። ቁጥሩ በደጁ ላይ ጎልቶ እንዲጻፍ፣ በቅጠልና በቀለም እንዳይሸፈን፣ ከመንገድ ላይ በሌሊት እንዲነበብ ማድረግ ነው። በቤቱ ያለውም ሕፃንና ሠራተኛ ሰፈሩን፣ ወረዳውን፣ ቁጥሩንና በአቅራቢያው ያለውን የማይፈርስ ምልክት በቃሉ እንዲይዝ ማስተማር ነው፤ ጭንቅ በመጣ ቀን ስልኩን የሚያነሣው የቤቱ ጌታ ይሁን ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ይሁን አስቀድሞ አይታወቅምና።